አቡነ ጴጥሮስ፦ መቃብር የሌላቸው ጳጳስና ድምፅ ያገኘው ሐውልት

ከአምቦ፣ ከጊንጪ ወይም ከሆለታ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ወርዶ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ሲያቀና ከማዘጋጃ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ አንድ ሐውልት ያገኛል። ረጅም ቀሚስ የለበሱ፣ እጆቻቸው በሰንሰለት የታሰሩ መነኩሴ ቆመዋል። በዙሪያቸው መኪና ይጮኻል፣ ነጋዴ ይጣራል፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል፣ የከተማው ባቡርም በአቅራቢያው ያልፋል። ሐውልቱ ጸጥ ብሏል። ነገር ግን አማርኛ የሚያውቅ ብዙ ሰው በዚያ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ አለው፤ ያ ድምፅ ከምዕራብ ሸዋ፣ ከአምቦ አጠገብ ከተወለደ አንድ ባለቅኔ የመጣ ነው።

ሐውልቱ የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ነው። ጳጳሱ በጣሊያን ወራሪ ጦር አደባባይ ላይ የተረሸኑት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። አስከሬናቸው የት እንዳረፈ አይታወቅም። የሚሳለሙት መቃብር ስለሌለ ለብዙዎች ሐውልቱ የመቃብሩን ቦታ ወስዷል። የአቡነ ጴጥሮስን ሕይወት መተረክም ከፍቼ ጀምሮ እስከዚህ አደባባይ ድረስ መሄድን ይጠይቃል።

ከሰላሌ እስከ ወላይታ

የኋላው አቡነ ጴጥሮስ በ1875 ዓ.ም. በሰላሌ፣ በፍቼ አካባቢ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ኃይለ ማርያም ነበር። ያደጉት ከታላቁ የደብረ ሊባኖስ ገዳም በማይርቅ ምድር ስለሆነ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከልጅነታቸው ጀምሮ በቅርብ ነበረላቸው። የዘመኑ ተማሪ ልማድ እንደነበረው ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ወደሚሰጥባቸው ጉባኤ ቤቶች ተጓዙ።

የዚያ ዘመን ሊቅ የሚመዘነው በእግሩ ጭምር ነው። መምህር ፍለጋ ወንዝ ይሻገራል፤ ለምኖ ይማራል፤ በማደሪያ ጎጆ ውስጥ ሌሊቱን በቃል ጥናት ያሳልፋል። መምህር ኃይለ ማርያምም በዚህ መንገድ ተምረው መምህር ከሆኑ በኋላ በደብረ ሊባኖስ መነኮሱ። ከዚያም በወላይታ፣ በዝዋይ ደሴትና በአዲስ አበባ በመምህርነት አገለገሉ። እውቀታቸው በአንድ ደብር አጥር ውስጥ የተከተተ አልነበረም። ብዙ ቋንቋ የሚነገርበትን፣ ብዙ ባህል ያለበትን አገር በእግራቸው አይተው አስተማሩ። ይህ ልምድ በኋላ ለመጣው ፈተና ያዘጋጃቸው ይመስላል፤ ሰውየው ሕዝቡን ያውቁት የነበረው በቀረቤታ ነው።

ከአራቱ አንዱ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን ጀምሮ ወደ 1,600 ዓመታት ገደማ ጳጳስ የሚመጣላት ከግብፅ ነበር። አገሪቱ የራሷ ሊቃውንት፣ የራሷ ዜማ፣ የራሷ ገዳማት ነበሯት፤ ጳጳስ ግን አልነበራትም። ጳጳሱ ሲያርፍ ሌላ እስኪመጣ ዓመታት ይጠበቃሉ፤ በመካከሉ ቄስና ዲያቆን የሚሾም አይገኝም።

ይህ ልማድ መለወጥ የጀመረው በ1921 ዓ.ም. ነው። ከእስክንድርያ መንበር ጋር ረጅም ድርድር ከተደረገ በኋላ አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደ ካይሮ ተጉዘው በግንቦት ወር በፓትርያርክ ዮሐንስ 19ኛ እጅ ጵጵስና ተቀበሉ። እነርሱም አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ይስሐቅ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ። መምህር ኃይለ ማርያም ጴጥሮስ የተባሉት በዚህ ጊዜ ነው። የምሥራቅ ኢትዮጵያ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ መንበራቸውም ደሴ ሆነ።

ሹመቱ ገደብ ነበረው። አዲሶቹ ጳጳሳት ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም፤ የበላያቸው ሊቀ ጳጳስም እንደ ቀድሞው ግብፃዊው አቡነ ቄርሎስ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ያገኘችው በ1943 ዓ.ም.፣ የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችውም በ1951 ዓ.ም. በአቡነ ባስልዮስ ነው። ይሁን እንጂ በ1921 የተሾሙት አራቱ ጳጳሳት የመንገዱ መጀመሪያ ነበሩ። ለምእመኑ በገዛ ቋንቋው የሚያስተምር፣ ያደገበትን አፈር የሚያውቅ ጳጳስ ማየት አዲስ ነገር ነበር። አራቱ አንድ ቀን አብረው ተሾሙ፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ግን ወረራው መጥቶ ዕጣቸውን ለያየው።

ደሴ በእሳት

የፋሺስት ጣሊያን ጦር በመስከረም 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ወረራውን ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ ከቦምቡ አልዳነም። አቡነ ጴጥሮስ የሚመሩት ሕዝብ ቤቱ ሲቃጠል፣ ወገኑ ሲሞት አዩ። ለአንድ መነኩሴ ጦርነት ከዚያ በፊት በመጻሕፍት የሚያነበው ነገር ሊሆን ይችላል፤ በደሴ ግን በመንበራቸው ደጃፍ ደረሰ።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የኢትዮጵያ ጦር ተሸነፈ። የመርዝ ጋዝ ሠራዊቱን ፈጀው። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ መጨረሻ ከአገር ወጡ፤ የጣሊያን ጦርም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ለወራሪው ጦርነቱ ያለቀ መሰለው። ሮም ላይ አዲስ ግዛት ታወጀ። ነገር ግን ወራሪው የያዘው ከተማውንና ዋና ዋናውን መንገድ ነበር። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ገጠር በአርበኛው እጅ ነበር። በሰላሌ የራስ ካሣ ልጆች፣ ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን፣ ጦራቸውን ይዘው ነበር። በምዕራብ ሸዋ ጊንጪ፣ ጅባትና ሜጫ ውስጥም ተቃውሞው እየተጠነሰሰ ነበር፤ ገና በአፍላ ዕድሜው ጫካ የገባው ጃገማ ኬሎ በዚህ አገር ስሙ የሚነሣው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው።

አቡነ ጴጥሮስ በዚህ ጊዜ ወደ ወጡበት ምድር ተመለሱ። በደብረ ሊባኖስ ሆነው አርበኞቹን መከሩ፣ አበረቱ። ጳጳሱ ጠመንጃ አልያዙም። የያዙት መስቀልና ቃል ነበር። ወራሪው ግን ይህን ቃል ከጠመንጃ ይልቅ ፈራው፤ የተሸነፈውን ጦር ተመልሶ የሚያሰባስበው እንዲህ ያለ ቃል እንደሆነ ያውቃልና።

በክረምቱ ዝናብ

በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞቹ አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለመውጋት ተስማሙ። የደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር ከሰሜን፣ የአበበ አረጋይ ጦር በዚያው ወገን፣ ፊታውራሪ ዘውዱ አስፋው ከምዕራብ፣ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም ከምሥራቅ፣ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ከደቡብ እንዲመጡ ታሰበ። ጊዜው የተመረጠው በብልሃት ነው። ክረምት ስለሆነ መንገዱ ጨቅይቷል፤ የጣሊያን መኪና አይንቀሳቀስም፤ ደመናው ዝቅ ብሎ አውሮፕላን እንደ ልብ አይበርም። ከተማውን የሚጠብቀው ጦርም በቂ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ወራሪውን ያሰረው ዝናብ አርበኛውንም አሰረ። ወንዞች ሞሉ። ጦሮቹ የሚገናኙበት ሬዲዮ የላቸውም፤ መልእክተኛ ሲላክ በጎርፍ ይዘገያል። አንዱ ወገን ሲደርስ ሌላው አልደረሰም። ሐምሌ 21 ቀን ከተማው ውስጥ ውጊያ ተከፈተ። አንዳንዱ ጦር ወደ መሐል ከተማ ዘልቆ እስከ መግባት ደረሰ። ብቻውን የገባው ግን ብቻውን በመትረየስ ተመታ። ጥቃቱ በመጨረሻ ተበተነ።

አቡነ ጴጥሮስ ከአርበኛው ጋር ወደ ከተማው ገብተው ነበር። ጥቃቱ ሲከሽፍ አብዛኛው ጦር ወደ ገጠር አፈገፈገ። ጳጳሱ ግን በወራሪው እጅ ወደቁ።

ያቺ ሰዓት

ቀጥሎ የሆነው ነገር የተፈጸመው በጥድፊያ ነው። ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ የሚያስተዳድረው ወራሪ ኃይል ከተማው ሊያመልጠው እንደ ነበረ በደንብ ገብቶታል። ስለዚህ መቀጣጫ ፈለገ። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለዓመፅ አነሣሥተዋል ተብለው ተከሰሱ፤ ፍርዱ በፍጥነት ተሰጠ፤ ሞት ተፈረደባቸው።

ከእርሳቸው የሚፈለገው አንድ ነገር ነበር። አርበኞቹን ማውገዝና ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ መናገር። ቃሉ ቀላል ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከወራሪው ወገን ሆነው ሲያዩት ጳጳሱ ሕይወታቸውን በአፋቸው ሊገዙት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን እምቢ አሉ። በሕዝቡ መካከል ሲተረክ እንደኖረው፣ የአገሬው ሰው ለባዕድ እንዳይገዛ ገዘቱ፤ ምድሪቱም ለወራሪው እንዳትመቸው ረገሙ። ግዝት በዚያ ዘመን ሕዝብ ዘንድ ከአዋጅ ይበልጥ ይከብዳል። አዋጅን የሚያስፈጽመው ወታደር ነው፤ ግዝትን ግን ሰው በገዛ ኅሊናው ይፈጽመዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሕዝብ በተሰበሰበበት አደባባይ ላይ ተረሸኑ። ሐውልታቸው ዛሬ የቆመው በዚያው በከተማው መሐል አካባቢ ነው። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ጥቂት ያለፈ ነበር። ጳጳስ ሆነው ያገለገሉት ሰባት ዓመት ብቻ ነው።

ወራሪው ሕዝቡን ሰብስቦ ያሳየው እንዲፈራ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በአደባባይ የተፈጸመ ግድያ በአደባባይ ይወራል። ያየው ላላየው ነገረ፤ ገበያ የመጣው ወደ አገሩ ሲመለስ ይዞት ሄደ። ጳጳስ እንኳ ለሞት ከቆረጠ ምእመን ምን ሊል ይችላል የሚለው ጥያቄ ከመንደር መንደር ተሻገረ። አስከሬናቸው ተሰውሮ መቃብር ቢታጣላቸውም ቃላቸው በሕዝብ አፍ ቀረ።

ከእርሳቸው በኋላ የወረደው መከራ

የአቡነ ጴጥሮስ ሞት የመከራው መጨረሻ አልነበረም። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. አበራና አስፋ ወሰን ካሣ እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በፍቼ ተገደሉ። አቡነ ሚካኤልም ያው በ1929 ዓ.ም. በጎሬ በወራሪው እጅ ሞቱ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ ለሦስት ቀናት ተጨፈጨፈ። በግንቦት ወር ደግሞ ጄኔራል ማሌቲ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳትና ዲያቆናት ፈጀ። ወራሪው ራሱ በላከው መልእክት ያመነው ቁጥር ብቻ 297 መነኮሳትና 129 ዲያቆናት ነው፤ ኋላ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እውነተኛው ቁጥር ከዚህ በብዙ እንደሚበልጥ ያሳያሉ። አቡነ ጴጥሮስ የመነኮሱበት፣ አርበኛውን የመከሩበት ገዳም በዚህ መልክ ተቀጣ።

ወራሪው ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ለይቶ በራሱ ቁጥጥር ሥር ማዋልም ፈለገ። በ1930 ዓ.ም. አቡነ አብርሃም የዚህ አዲስ አደረጃጀት መሪ ሆኑ። በ1921 ዓ.ም. አብረው ካይሮ ወርደው አብረው ከተሾሙት መካከል አንዱ ተረሸኑ፣ አንዱ በጎሬ ሞቱ፣ አንዱ ደግሞ ወራሪው ባቆመው መንበር ተቀመጡ። የአቡነ ጴጥሮስ ምርጫ ክብደቱ የሚታየው ከዚህ አንጻር ነው። ሌላ መንገድ አልነበረም ማለት አይቻልም። ሌላው መንገድ ክፍት ነበር፤ የሚሄዱበትም ነበሩ። እርሳቸው ያንን መንገድ እያዩ ትተውታል።

ድንጋይና ድል

ወራሪው ስለ ሐውልት ኃይል ያውቅ ነበር። አዲስ አበባ እንደገባ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት የነበረውን የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አንሥቶ ሰወረ። በባቡር ጣቢያው ፊት የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ወደ ሮም ወሰደ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው የተመለሰው። የአክሱምን ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ቆራርጦ ጭኖ በሮም አደባባይ አቆመ፤ እርሱም ወደ አክሱም የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሐውልት ለሚያልፍ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚናገር ነገር ነው፤ ወራሪው ይህን ንግግር ዝም ሊያሰኝ ፈለገ።

በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነጻ ስትወጣ የተሰወሩት ተመለሱ፤ አዲሶችም ተተከሉ። ምኒልክ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ለየካቲት 12 ሰማዕታት ስድስት ኪሎ ላይ መታሰቢያ ቆመ። ለአቡነ ጴጥሮስም በፒያሳ ሐውልት ተሠራላቸው። ቅርጹ በደረታቸው ላይ ጌጥ ወይም በእጃቸው ሰይፍ አላበዛም። የሚታየው የታሰረ መነኩሴ ነው። ሌሎች ሐውልቶች ድል ያደረገውን በፈረስ ላይ ያሳያሉ፤ ይህኛው የተሸነፈ የሚመስለውን ሰው ቆሞ ያሳያል።

የቦዳው ሕፃን

አቡነ ጴጥሮስ ከተረሸኑ 19 ቀናት በኋላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ከአምቦ አጠገብ ቦዳ በተባለ ስፍራ አንድ ሕፃን ተወለደ። አባቱ ገብረ መድኅን ሮባ ያን ጊዜ ወራሪውን ሊወጉ ዘምተው ነበር። እናቱ ወይዘሮ ፈለቀች ዳኜ የአንኮበር ሰው ነበሩ። ሕፃኑ ጸጋዬ ተባለ። ከአባቱ ወገን የኦሮሞን ቃል፣ ከእናቱ ወገን አማርኛን፣ ከቄስ ትምህርት ቤት ግዕዝን ሰምቶ አደገ። በአምቦ ትምህርት ቤት ሳለ ገና በልጅነቱ ተውኔት ጽፎ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት አሳየ። የሕግ ትምህርት ከተማረ በኋላ በለንደንና በፓሪስ ቲያትር አጠና፤ ተመልሶም ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር በሚባለው ቤት ዳይሬክተር ሆነ።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን አቡነ ጴጥሮስን አላያቸውም። ያደገው ግን ስለ እርሳቸው ሲወራ ነው። በ1961 ዓ.ም. «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተሰኘውን ተውኔት አሳተመ። በዚሁ ርእስ የጻፈው ግጥምም «እሳት ወይ አበባ» በተሰኘው መድበሉ ውስጥ ይገኛል። ርእሱ ራሱ የሥራውን አቅጣጫ ይናገራል። ባለቅኔው የጳጳሱን ሕይወት በሙሉ ሊተርክ አልተነሣም፤ አንዲት ሰዓት ወሰደ፤ ከሞት በፊት ያለችውን ሰዓት።

በዚያች ሰዓት ውስጥ ያስቀመጣቸው ሰው ፍርሃት የማያውቅ ጀግና አይደሉም። ወደ እመቤታችን አቤት የሚሉ፣ ስለ አገራቸው የሚጨነቁ፣ ከራሳቸው ጋር የሚሟገቱ ሰው ናቸው። ሐውልቱ ውሳኔው ካለቀ በኋላ ያለውን ጸጥታ ያሳያል፤ ተውኔቱና ግጥሙ ግን ውሳኔው ሲወለድ ያለውን ምጥ ያሰማሉ። ለዚህ ነው ሁለቱ እርስ በርስ የሚፈላለጉት። ድንጋዩ ፊታቸውንና ሰንሰለታቸውን ለመንገደኛ ያቆየለታል፤ ውስጣቸውን ግን ሊናገር አይችልም። የአምቦው ባለቅኔ ለዚያ ዝምታ ድምፅ ሰጠው።

ግጥሙ በመድረክና በየትምህርት ቤቱ ተነበበ። በሐምሌ ወር የሰማዕቱ መታሰቢያ ሲመጣ ተደጋግሞ ይሰማል። እያንዳንዱ ትውልድ በራሱ ዘመን ጆሮ ያዳምጠዋል። በ1960ዎቹ የሰማው ወጣት ስለ ሥርዓት ለውጥ እያሰበ ሰማው፤ ከዚያ በኋላ በእስርና በስደት ያለፈው ደግሞ የታሰረውን ጳጳስ በራሱ ሕይወት ለካ። ጽሑፉ ያው ነው፤ የሚያዳምጠው ሰው ግን ይለዋወጣል።

ጸጋዬ ራሱ ከሥልጣን ጋር ብዙ ተጋጨ፤ ተውኔቶቹ ታገዱ፤ በደርግ ዘመንም ታሰረ። በመጨረሻ በኩላሊት ሕመም ምክንያት ወደ አሜሪካ ሄዶ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በኒውዮርክ ዐረፈ። አስከሬኑ ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ለጳጳሱ ድምፅ የሰጠው ባለቅኔ የሚጎበኝ መቃብር አለው፤ ጳጳሱ ግን ያላቸው ሐውልቱ ነው።

ሐውልቱ የተነሣበት ቀን

በ2005 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ፒያሳ ደረሰ። የሰሜን ደቡብ መስመር በዚያ አካባቢ ከመሬት በታች እንዲያልፍ ስለታቀደ ሐውልቱ ለጊዜው መነሣት ነበረበት። ሚያዝያ 24 ቀን 2005 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ቆሞ እያየ ሐውልቱ ከመሠረቱ ተነሥቶ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ተወሰደ።

የተሰበሰበው ሰው ስሜት ተራ አልነበረም። ለባቡር መንገድ ድንጋይ ማንሣት በብዙ ከተማ የሚደረግ ነው። ነገር ግን በዚህ ስፍራ የተነሣው መቃብር የሌለው ሰው ምልክት ነበር። አስከሬናቸው አንድ ጊዜ ጠፍቷል፤ ሐውልታቸው ደግሞ ይጠፋ ይሆን የሚል ሥጋት በሰው ሁሉ ልብ አደረ። ይመለሳል የሚል ቃል ተሰጠ፤ ሕዝቡም ቃሉን ቆጥሮ ያዘ። ሥራው በተካሄደባቸው ዓመታት ቦታው ጉድጓድና አጥር ሆኖ ሲቆይ፣ በዚያ የሚያልፈው ሰው ሐውልቱ የነበረበትን ባዶ አየር እየተመለከተ ያልፍ ነበር። አለመኖሩ ራሱ መታሰቢያ ሆነ።

በ2008 ዓ.ም. ሐውልቱ ወደ አደባባዩ ተመለሰ። የተመለሰው ግን ወደ ቀድሞው ፒያሳ አልነበረም። በሥሩ የባቡር መተላለፊያ ተቆፍሯል፤ መንገዱ ተለውጧል። ከዚያም ወዲህ የአካባቢው ገጽታ መለወጡን ቀጥሏል። በ2016 ዓ.ም. በዚያው በፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል፤ በርካታ የቆዩ ቤቶችም በልማት ምክንያት ፈርሰዋል። የሐውልቱ ጎረቤቶች ሁሉ ተለዋውጠው እርሱ በመካከላቸው ቆሟል።

የቆመ ምስል የማይለወጥ ይመስላል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ታሪክ ግን ሌላ ያሳያል። ቀድሞ በሕዝቡ ወሬ ነበሩ፤ ከዚያ ድንጋይ ሆኑ፤ ከዚያ ከቦዳ የተወለደ ባለቅኔ ቃል ሰጣቸው፤ ከዚያ ተነሥተው ባዶ ቦታ ሆኑ፤ ከዚያ በባቡር ድምፅ ላይ ተመልሰው ቆሙ። በእያንዳንዱ ደረጃ ሐውልቱ አዲስ ነገር ሰምቷል፣ አዲስ ነገርም አሰምቷል።

ከሆለታ እስከ ሸነን፣ ከአምቦ እስከ ጉደር ባሉ ከተሞች ለሚያድግ ልጅ ይህ ታሪክ የሩቅ ከተማ ታሪክ አይደለም። በ1928 ክረምት ከሸዋ ሁሉ አቅጣጫ ወደ አዲስ አበባ የወረዱት ሰዎች መንገድ ዛሬ አውቶቡስ የሚመላለስበት መንገድ ነው። በዚያው ክረምት በአምቦ አጠገብ የተወለደው ሕፃን ያደገው በዚሁ አፈር ላይ፣ የአምቦን ውኃ ጠጥቶ ነው። ጳጳሱ ከፍቼ፣ ባለቅኔው ከቦዳ መጥተው በአንድ አደባባይ ተገናኙ። አንዱ በወራሪው ፊት ቃሉን አልሸጥም ብሎ ሞተ፤ ሌላው ያ ቃል ዝም እንዳይል አደረገ። መንገደኛውም ከመርካቶ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ሁለቱን አንድ ላይ ያገኛቸዋል፤ አንዱን በዓይኑ፣ አንዱን በጆሮው።